ከኤልፍና ከሰው ማን ይበልጣል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ቅዳሜ ከሰዓት ከደሴ በቀረበው የምናባዊ ድርሰት ክፍለ ጊዜ ከደወሉ አድማጮች የተወሰደ ነው። ኤልፍ በፈረንጅ ተረት ሰው የሚመስል ዕድሜው ረጅም ፍጡር ነው፤ ድንክ ደግሞ አጭሩና ብርቱው። መላሹ ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምሩ የኖሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከኮምቦልቻ፦ በጌሙም በፊልሙም ሰው ለምን መካከለኛ ይሆናል? ድንኩ ጉልበት አለው፣ ኤልፉ ዕድሜ አለው፣ እኛ ምንም የለንም።

ይህን በየሳምንቱ እጠየቃለሁ፤ ዛሬም ልመልስ። ሚዛኑን የያዘው ሰው ስለሆነ ነው። ደራሲው ራሱን መሐል ላይ ያቆምና ሌላውን «ከኔ ይረዝማል፣ ከኔ ያጥራል» እያለ ይሰፍራል። አንዳንዴም ለወገኑ ያዳላል። ዱንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በሚባለው የምናብ ጨዋታ፣ በ1974 በወጣው የመጀመሪያው ሕግ፣ ድንክ በችሎታ ከ6ኛ፣ ሆቢት የሚባለው ትንሹ ፍጡር ከ4ኛ ደረጃ አያልፍም ነበር፤ ሰው ግን ገደብ አልነበረበትም። ምንም የለንም አትበል። ደግሞ አደራ፣ እነዚህን «ዘር» አትበሏቸው፤ «ፍጡር» በሉ። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

ከወልዲያ፦ ኤልፍ አይሞትም። ታዲያ ከሰው አይሻልም?

ኤልፍንና ሆቢትን በመጽሐፎቹ ባሳወቀን በእንግሊዛዊው ደራሲ በቶልኪን ዓለም ሞት ለሰው የተሰጠ ስጦታ ነው፤ ኤልፎቹ ዓለም እስኪያልቅ ከዓለም ጋር ይኖራሉ። አንተ ግን ድምፅህ የተማሪ ነው፤ ለፈተናህ አጥና።

ከባቲ፦ የሰው እውነተኛ ልዩ ኃይሉ ምንድን ነው?

ላብ። አትሳቁ! ሰኞ ባቲ ገበያ፣ በዚያ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ስለ ግመል ዋጋ የሚከራከረውን ሰው እዩት። ገላችን ላይ ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን የላብ ዕጢ አለ፤ ፀጉራሙ አውሬ በሙቀት ሲያለከልክ ሰው እየሮጠ ይቀዘቅዛል። ከእናንተ ወደ ታች፣ አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ በ1974 የተገኘችው ድንቅነሽ ከ3 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረች ናት፤ አንጎሏ ከእኛ ሲሶ ገደማ ነው፣ ግን በሁለት እግሯ ቀጥ ብላ ትሄድ ነበር። እግር ቀደመ፣ ጭንቅላት ኋላ ደረሰ። ሆቢቱ የምናብ ፍጡር ነው፤ ግን በ2003 ኢንዶኔዢያ፣ ፍሎሬስ ደሴት ላይ ቁመቱ አንድ ሜትር ገደማ የሆነ የሰው ዘመድ አጽም ተገኝቶ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው «ሆቢት» ብለውታል።

ከደሴ፦ ዛር የእኛ ኤልፍ ነው ማለት ይቻላል?

በተረትነቱ ከሆነ ይቻላል። ሔዋን 30 ልጆች ወለደች ይባላል። ፈጣሪ ሊያያቸው ሲመጣ 15ቱን፣ ቆንጆ ቆንጆዎቹን ደበቀች። «እንግዲያው እንደተደበቁ ይቅሩ» አለ፤ እነሱ ዛር ሆኑ፣ እኛ የታየነው ነን። አይስላንዶችም ይህንኑ ያወራሉ፤ የእነሱ ሔዋን ግን የደበቀችው ገና ያላጠበቻቸውን ልጆች ነው። የወሎን ልጅ ሳይ ሔዋን ቆንጆውን ሁሉ አልደበቀችም እላለሁ። ለማንኛውም በሁለቱም ተረት ሌላው ፍጡር የእናታችን ልጅ ነው። ይህን ያዙልኝ።

ከሐይቅ አካባቢ፣ አንዲት እናት፦ ልጄን እየጣለው ይንፈራገጣል። ሰፈሩ «ባለእጁ ጎረቤታችሁ በልቶት ነው፣ ማታ ጅብ ይሆናል» ይላል። ልጆቹ ፊልም ላይ የሚያዩት ተኩላ የሚሆን ሰው እውነት ነው ማለት ነው?

እናቴ፣ ስልኩን አይዝጉት፤ ይህ ረጅም ነው። አውሮፓ ውስጥ «ተኩላ ይሆናል» ተብሎ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሰው በፍርድ ተገድሏል። እኛ ዘንድ ተኩላው ጅብ ሆነ፣ ተከሳሹም ብረት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ። ማረሻውን ከማን ነው የምንገዛው? ምጣዱንስ? ቀን ማረሻ ያሠራነውን ሰው ማታ ከሰው ተራ እናወጣዋለን! «ዘር አትበሉ» እያልኩ የምጨቀጭቃችሁ ለዚህ ነው። መጽሐፍ ላይ «ይሄ ዘር ሁሉ ክፉ ነው» ማለት የለመደ አፍ ሰፈር ሲገባ አያርፍም። ልብ ወለዱን ከመጽሐፉ አታውጡት። ጎረቤትዎ ሰው ነው፤ ዛሬውኑ ቡና ይጥሩት።

ልጅዎም ሰው ነው፤ ታሟል። ሲጥለው ክብሪት አታሽትቱት፣ ብረት አታስጨብጡት፣ ማንኪያም ጣትም አፉ ውስጥ አታስገቡ። በጎኑ አስተኙት፤ ከምድጃውም አርቁት፣ እሳት ላይ ወድቆ የሚቃጠል አለ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ተሸክማችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ። የወዳጃውን ዱዓም ጸበሉንም ማንም አይከለክልዎትም፤ ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ግን እንዳይቋረጥ። እኔ የተረት ሰው ነኝ። ነገ በጠዋት ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

ከከሚሴ፦ 14 ዓይነት ፍጡር ያለበት ልብ ወለድ ጽፌያለሁ። አንዱ ወገን ሁሉም ሌባ ነው፣ አንዱ ሁሉም ጀግና። ይሆናል?

«ፍጡር» ስላልክ ተባረክ። ሰዎችህ ውስጥ ሌባም ሼህም ቄስም አዝማሪም አለ፣ አይደል? ሌሎቹን ግን ለመላው ወገን አንድ ጠባይ አልብሰህ ለቀቅሃቸው። ከሌቦቹ መሐል አንድ የሚያፍር ሌባ አምጣልኝ፣ ከዚያ እናወራለን። የቀረውን አርታኢ ይየው።

ከላሊበላ፦ እውነት ሌላ ፕላኔት ላይ ፍጡር አለ?

የሥነ ፈለክ ባለሙያ ጠይቁ።