ቆሞ መዋል ስፖርት አይደለም
(ደብረ ብርሃን ላይ ለነርሲንግ ተማሪዎች የተዘጋጀ ንግግር)

እንደምን አላችሁ ልጆች! ከኋላ ያላችሁትስ፣ ድምፄ ይደርሳችኋል? ጥሩ። ስላይድ አላመጣሁም፤ ክፍል ውስጥ ስታዩት ነው የምትውሉት፣ ይበቃችኋል። ዛሬ የማወራው ስለ ታማሚ ጤና ሳይሆን ስለ እናንተ ነው።

ነርሲንግ የምትማር ልጅ "ስፖርት ትሠሪያለሽ?" ስትባል መልሷ ዝግጁ ነው፦ "ኧረ ዲዩቲ ላይ ቀኑን ሙሉ ቆሜ እየዋልኩ!" እኔ ከእናንተ ጋር የምጣላው እዚህ ላይ ነው። ቆሞ መዋል ድካም ነው እንጂ ስፖርት አይደለም። አንድ ቦታ ቆማችሁ ቻርት ስትሞሉ የባታችሁ ጡንቻ ስለማይሠራ ደሙን ወደ ላይ በደንብ አይገፋውም፤ ለዚህ ነው ማታ ቁርጭምጭሚታችሁ የሚያብጠው። ልባችሁ ደግሞ ያገኘችው ልምምድ የለም። ከዚያ ዶርም ትገቡና አልጋ ላይ ተደግፋችሁ ለኤግዚት ኤግዛም ስታነቡ ታመሻላችሁ። ቀን ቆሞ፣ ማታ ተቀምጦ፤ መራመድ የሚባለው ነገር መሀል ላይ ጠፋ።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 ጄሪ ሞሪስ የተባለ ተመራማሪ የለንደን ባለ ፎቅ አውቶቡስ ሹፌሮችንና ትኬት ቆራጮችን አነጻጽሮ ነበር። ሹፌሩ ተቀምጦ ይውላል፣ ትኬት ቆራጩ ደረጃውን ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። የልብ ሕመም ያነሰው ትኬት ቆራጮቹ ላይ ሆነ። ጂም አልሄዱም እኮ፣ ሥራቸውን ነው የሠሩት።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይላል፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ፣ በዚያ ላይ ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ ማጠንከሪያ። ፈተና ላይ ቢመጣ ሁላችሁም ታገኙታላችሁ። በተግባር ሲታይ ለአምስት ቀን በቀን ሠላሳ ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ነው። እየሄዳችሁ ማውራት ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ፣ ልኩ እሱ ነው። ድሮ "ቢያንስ ዐሥር ደቂቃ ሳይቋረጥ" ይባል ነበር፤ አሁን ቀርቷል፣ የአምስት ደቂቃ ደረጃም ይቆጠራል።

ጡንቻ ማጠንከሪያውን ግን እንደ ቀልድ አትለፉት። ዋርድ ውስጥ ታማሚ ከአልጋ ወደ ዊልቸር ስታዛውሩ አያለሁ፦ ጉልበት ቀጥ፣ ወገብ እጥፍ፣ እጅ ወደ ፊት ዝርግት። የሰውየው ክብደት በሙሉ ታች ወገባችሁ ላይ ያርፋል። እግር ከፈት፣ ጉልበት አጠፍ፣ ታማሚውን ወደ ራስ አስጠግቶ በጭን ነው መነሳት። ጭኑ ታዲያ ጉልበት ከየት ያመጣል? በአልጋና በሎከር መሀል ባለችው ቦታ ቁጭ ብድግ ሥሩ። ነጻ ነው፣ ወረፋም የለውም።

"ደብረ ብርሃን ይበርዳል" ትሉኛላችሁ። ይበርዳል፣ ምን ይደረግ! ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሜዳው ውርጭ ለብሶ ነው የሚነጋው። ከሸዋ ሮቢትና ከሌላው ቆላ የመጣችሁ መጀመሪያ ሰሞን ትንፋሽ ቢያጥራችሁ አትደንግጡ፣ አየሩ ሳሳ ስለሚል ነው፤ ቀስ ብላችሁ ጀምሩ። አበበ ቢቂላም የተወለደው በዚሁ በሸዋ ደጋ፣ ጃቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ ያሸነፈው ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ሕክምና ከወጣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነበር (ይቺን ታማሚ ላይ እንዳትሞክሯት!)። እኔን የሚገርመኝ ግን ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የመኪና አደጋ ደርሶበት እግሮቹ አልታዘዝ ካሉት በኋላ፣ በዊልቸር ተቀምጦ በቀስት ተወዳድሯል። አንድን ታማሚ "ለሱ እንቅስቃሴ አይሆነውም" ልትሉ ስትሉ አበበን አስቡት።

ለሴቶቹ ችግሩ ብርዱ ብቻ አይደለም። ጨለማው አለ፣ ውሻው አለ፣ ለከፋው አለ። ማለዳ ብቻዋን መውጣት የፈራችን ልጅ "ሰነፍ ናት" ማለት ግፍ ነው። አራት አምስት ሆናችሁ ውጡ። ወንዶቹ ደግሞ የሚለክፍ ጓደኛችሁን እረፍ በሉት።

ስለ ምግብ ብዙ አልልም፤ የምትበሉት ካፌው የሰጣችሁን ነው። የሻዩ ስኳር ግን በእጃችሁ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ አራት ግራም ገደማ ይይዛል። በብርጭቆ ሦስት ማንኪያ፣ በቀን አራት ብርጭቆ፣ በሉ ደምሩት፦ 48 ግራም። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚያስፈልገው ሰው የተቀመጠው ጣሪያ 50 ነው፣ ለስላሳው ገና ሳይቆጠር። በዚህ ብርድ ሻይ ተዉ አልልም፣ ማንኪያውን ቀንሱ። እናታችሁ የላከችው በሶና ቆሎ ሎከር ውስጥ እያለ ብስኩት መግዛታችሁም አይገባኝም።

"ለማንበብ ነው" እያላችሁ ጫት የምትቅሙም አላችሁ፣ አውቃለሁ። የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ያነበባችሁት ጭንቅላት ውስጥ የሚረጋው ደግሞ ስትተኙ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በሩ ጋ እንገናኝ፣ ወደ በሬሳ ወንዝ በኩል እንራመዳለን። ሸራ ጫማ ይበቃል፣ ሹራብ አትርሱ። ስትነቁ ከአልጋ ሳትወርዱ የልብ ምታችሁን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩና ጻፉት። ከሁለት ወር በኋላ ደግማችሁ ቆጥራችሁ ታመጡልኛላችሁ፤ ልባችሁ መጠንከር አለመጠንከሯን በሱ እናያለን። አሁን ጥያቄ ያለው ይጠይቅ።