የተፋቀው ዓርማ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት በ18ኛው መቶ ዘመን የእንግሊዝ መኳንንት በጽሕፈት ጠረጴዛቸው ላይ ያኖሩት ስለነበረው፣ ከብር ስለተሠራው የቀለም ዕቃ ነው። ዕቃው በአጫጭር እግሮች የቆመ ትሪ ሲሆን፣ በላዩ ላይ የቀለሙ ቢልቃጥ፣ ክዳኑ እንደ ወንፊት የተበሳሳ የዱቄት ዕቃ፣ አንዳንዴም አሽከር የሚጠሩበት ትንሽ ቃጭል ይደረደራሉ። ዱቄቱ ቀለም በወረቀቱ ላይ እንዳይሰራጭ ወይም የተጻፈው ቶሎ እንዲደርቅ የሚነሰነስ ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዘመን መምጠጫ ወረቀት ሲስፋፋ ግን ሥራ ፈታ።

ይህ ዕቃ ለታይታ ብቻ የተቀመጠ እንዳይመስላችሁ። የላዕላይ ምክር ቤት አባል የሆነ ሎርድ ስሙን በደብዳቤው ላይ ከጻፈ የፖስታ ክፍያ አይጠየቅም ነበር፤ ከ1784 ጀምሮ ደግሞ ደብዳቤው የተላከበትን ቦታና ቀን ጭምር በገዛ እጁ እንዲጽፍ ሕግ አስገደደው። ስለዚህ ጸሐፊ ቢኖረውም እንኳ ይህን ነፃ መብት ሊጠቀምበት የሚችለው ራሱ የላባውን ብዕር ቀለም ውስጥ ነክሮ ሲጽፍ ነበር። መብቱ በ1840 ተሻረ።

ብሩን የሠራው ማን እንደሆነ ማወቅ አብዛኛውን ጊዜ አያስቸግርም። በብሩ ላይ የሚታተመው የሚራመድ አንበሳ ምልክት ከ1000 እጅ 925ቱ ንጹሕ ብር መሆኑን ይመሰክራል፤ አንዲት ፊደል ዓመቱን፣ ሌላ ምልክት ደግሞ አንጥረኛውን ትነግረናለች። ከአንጥረኞቹ ሁሉ ስመ ጥር የሆነው ፖል ደ ላሜሪ በ1688 በኔዘርላንድ ተወልዶ በሕፃንነቱ ወደ ለንደን የመጣ፣ በሃይማኖታቸው ምክንያት ከፈረንሳይ የተሰደዱ ፕሮቴስታንቶች ልጅ ነበር፤ የመኳንንቱ ክብር በስደተኛ ልጅ እጅ መቀረጹ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ባለቤቱን የሚያሳውቀው ግን በላዩ የተቀረጸው ዓርማ ብቻ ነው። ከዓርማው በላይ ያለው ዘውድ ቅጠሎች ብቻ ካሉት የዱክ፣ የከፍተኛው መኳንንት ማዕረግ ባለቤት ነው፤ ከፊት የሚታዩት አራት ኳሶች ከሆኑ የባሮን፣ የዝቅተኛው ማዕረግ ባለቤት ነው፤ ዓርማው በጋሻ ፈንታ በአልማዝ ቅርጽ ውስጥ ከተቀረጸ ደግሞ ባለቤቷ ባሏ የሞተባት ወይም ያላገባች ሴት ናት። ታዲያ ዕቃው ሲሸጥ አዲሱ ባለቤት የቀድሞውን ዓርማ አስፍቆ የራሱን ያስቀርጻል፤ ወይም ባዶውን ይተወዋል። በ1882 የወጣው ሕግ በውርስ የታሰረን መሬት ለመሸጥ፣ በፍርድ ቤት ፈቃድም የቤተሰብ ቅርሶችን ለመሸጥ በር ከፈተ፤ በዚያው ዓመት በስኮትላንድ የነበረው የሃሚልተን ዱኮች ቤተ መንግሥት ንብረት በለንደን 17 ቀን በፈጀ ሐራጅ ተበተነ።

የተፋቀ ዓርማ ያለበትን ትሪ አንድ የቅርስ ነጋዴ በእጄ እንድይዝ ፈቅዶልኝ ያውቃል። መሃሉን በአውራ ጣቴ ስጫነው ሌላው ክፍል ጠንክሮ ሳለ እዚያ ቦታ ላይ ብቻ ብረቱ ስስ ሆኖ ወደ ውስጥ ሰርጎድ አለ። ከዚያ እፍ ብዬበት ወደ መስኮቱ ዘንበል ሳደርገው፣ በትንፋሼ ጉም ውስጥ የጋሻው ጠርዝና የዘውዱ ኳሶች ብቅ ብለው ታዩኝ፤ ጉሙ ሲበተን አብረው ጠፉ።

ሰብሳቢዎች እንዲህ ያለውን ዕቃ ዋጋ ይቀንሱበታል፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ያልተነካው ዓርማ የሚነግረን ዕቃውን ማን እንዳሠራው ሲሆን፣ የተፋቀው ግን አንድ ቤተሰብ ዕቃውን እንዳጣው፣ ሌላውም ያለፈውን ሊሸፍን እንደሞከረ ጭምር ይነግረናል። እንዲህ ያለ ትሪ በእጃችሁ ካለ አዲስ ዓርማ አታስቀርጹበት፤ ብረቱ ከሳሳ በኋላ ሌላ ቅርጽ አይችልም።