«ሰባኪ ሆነሽ መጣሽ ይሉኛል»፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ያው እንደተለመደው ስልኩ ዛሬም አላረፈም። ባለፈው ሳምንት መጽሐፍ ቅዱስን በቡድን ስለማጥናት ካወራን በኋላ የመጣው ጥያቄ ሁሉ የሚዞረው አንድ ቦታ ነው፣ የተማርኩትን ለሌላ ሰው እንዴት ላካፍል? መልስ የሚሰጡን በሰንበት ትምህርት ቤት ለረጅም ጊዜ ያስተማሩ መምህር ናቸው፣ በቀጥታ ወደ ደዋዮቻችን።

ከደብረ ብርሃን፣ ፋብሪካ የምትሰራ እህት፦ «መምህር እንደምን ዋሉ፣ እኔና ጓደኞቼ ማታ ማታ የማርቆስን ወንጌል እያነበብን ነው፣ በጣም ደስ ይላል ግን ስራ ቦታ ምሳ ሰዓት ላይ ትንሽ ላወራ ስል ‹ደሞ ሰባኪ ሆነሽ መጣሽ› ይሉኛል፣ ዝም ልበል?»

እግዚአብሔር ይመስገን እህቴ። ዝም አትበይ፣ ግን አጀማመርሽን እዪው እስኪ። ሰው አዲስ ነገር ሲማር ምን ይሆናል መሰለሽ፣ እሱ የገባውን ትቶ ሌላው ላይ የጎደለውን ማውራት ይጀምራል፣ «እናንተኮ እንዲህ ስለማታደርጉ ነው» ተብሎ ከተጀመረ ደግሞ ምሳውም አይወርድላቸው። ማርቆስ ምዕራፍ 5ን አንብባችሁ ይሆናል፣ መቃብር ውስጥ ይኖር የነበረው፣ በሰንሰለት እንኳን አልያዝ ያለው ሰውዬ ከዳነ በኋላ ጌታን ልከተልህ ብሎ ሲለምን ምን ተባለ? ወደ ቤትህ ሂድ፣ ጌታ ያደረገልህን ለቤተሰዎችህ ንገር ነው የተባለው፣ ገስጻቸው አልተባለም እኮ። አንቺም «ትላንት ይሄን አንብበን እኔን እዚህ ጋ ያዘኝ» በይና ተዪው፣ ሽሮሽን ብዪ። የሚፈልግ ሰው መውጫ ላይ ራሱ ይጠይቅሻል።

ከመሀል ሜዳ፣ ተማሪ፦ «በየቀኑ ጠዋት ጠዋት ቴሌግራም ላይ ጥቅስ እለቃለሁ፣ በተለይ ኤርምያስ 29፥11ን፣ «የሰላም አሳብ ነው እንጂ የክፉ ነገር አይደለም» የሚለውን፣ ብዙ ጊዜ፣ ሰው ግን ላይክ አድርጎ ያልፋል፣ ምን ባደርግ ይሻላል?»

አይ ይቺ ጥቅስ! በምረቃ ካርድ ላይ አለች፣ በሚኒባስ መስታወት ላይ አለች፣ እኔም እወዳታለሁ። ግን ጎበዝ፣ ምዕራፉን ከላይ ጀምረህ አንብበኸዋል? ደብዳቤ ነው። ኤርምያስ ከኢየሩሳሌም ሆኖ ባቢሎን ለተማረኩት ሰዎች የላከው። እነዚያ ሰዎች መች ነው ሀገራችን የምንገባው እያሉ ነው፣ ከዚህ በፊት ባለው ምዕራፍ ደግሞ ሐናንያ የሚባል ሰው ተነስቶ በ2 ዓመት ውስጥ ሁሉም ይመለሳል ብሎ ተንብዮላቸዋል፣ ደስ አይልም ታዲያ? ኤርምያስ ነው መጥቶ ደስታቸውን የሚያበላሽባቸው፣ ቤት ሥሩ፣ አታክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ስላላችሁባት ከተማ ጸልዩ ይላቸዋል፣ ቁጥር 10 ላይ ደግሞ 70 ዓመት ሲፈጸም እመልሳችኋለሁ። 70! ያኔ ጎልማሳ ሆኖ ደብዳቤውን የሰማ ሰው መመለሱን በዓይኑ ላያይ ይችላል። «የሰላም አሳብ ነው እንጂ የክፉ ነገር አይደለም» የምትለዋ ቃል የመጣችው ከዚህ በኋላ ነው እንግዲህ።

አሁን ፈተና ለወደቀ ጓደኛህ ጥቅሷን ብቻ ብትልክለት ሚቀጥለው ወር ይሳካልሃል ያልከው ይመስለዋል፣ ሳይሳካ ሲቀር በአንተ ሳይሆን በእግዚአብሔር ነው የሚያዝነው። ከነታሪኳ ብትነግረው ግን ሌላ ነገር ነው፣ ነገሩ ቢረዝምም እንዳልተረሳ ይገባዋል። ስለዚህ ምክሬ፣ በየቀኑ መልቀቁን ተው (እውነቱን ልንገርህ እኔም ብዙ ግሩፕ ሚዩት አድርጌያለሁ)፣ በሳምንት አንዴ ይሁን፣ ማን ለማን በምን ሰዓት እንደተናገረው በራስህ ቋንቋ ሁለት ሶስት መስመር ጻፍ፣ ያልገባህንም ጨምር። ሰው መልስ የሚሰጠው ጥያቄ ሲያይ ነው።

ከምንጃር፣ እናት፦ «ፊደል አልቆጠርኩም፣ ልጄ ማታ ማታ ያነብልኛል። የጽዋ ማኅበር አለን፣ የሰማሁትን እዚያ ብናገር ደስ ይለኛል ግን ቄሱ እያሉ እኔ ምን ብዬ?»

እናቴ ፊደል አለመቁጠርዎ አይከለክልዎትም፣ የሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ያለው የኛው ሀገር ጃንደረባ እንኳን ማንበብ እየቻለ «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» ነው ያለው፣ ፊልጶስም ሮጦ ሲቀርብ ሲያነብ ድምፁን ሰማ። በድሮ ጊዜ ብዙው ሰው ቃሉን የሚያገኘው በጆሮው ነበር። ማኅበሩ ላይ ደግሞ መንገዱ ቀላል ነው። ጽዋው ከተጠጣ በኋላ የማኅበሩን ሙሴ፣ መሪውን ማለቴ ነው፣ ያስፈቅዱና በጥያቄ ያቅርቡት፣ «አባ፣ ልጄ እንዲህ ያለ ነገር አነበበልኝ፣ ልቤን ነካው፣ እንዴት ነው እሱ ነገር?» ይበሉ። ቄሱ ያብራራሉ፣ እርስዎም አካፈሉ፣ ማንም አልተደፈረ። ስንቱ ማኅበር ተበልቶ ተጠጥቶ ስለ ጤፍ ዋጋ ብቻ ተወርቶ ይበተን የለ እንዴ፣ ቄሱ ራሳቸው ደስ ነው የሚላቸው። ልጁንም አንዳንዴ ይዘውት ይሂዱ፣ እዚያው ያንብብ።

ከሸዋ ሮቢት፣ ወንድም፦ «ጎረቤቴ ሙስሊም ነው፣ በጣም እንዋደዳለን፣ ያነበብኩትን ልንገረው?»

ከጠየቀህ ንገረው። 1ኛ ጴጥሮስ 3፥15 «ለሚጠይቁአችሁ ሁሉ» ይላል፣ አስከትሎም «በየዋህነትና በፍርሃት ይሁን»። ካልጠየቀህ ጉርብትናህን ጠብቅ፣ እሱም የሚያምንበትን ሲያወራ አዳምጠው፣ ክርክር ከሆነ ግን ባይጀመር ይሻላል።

ከደብረ ሲና፣ ወጣት፦ «ጥናት የሚመራን ልጅ አንዳንዴ ይሳሳታል፣ ሁሉም ፊት ላርመው ወይ?»

ኧረ በፍጹም! አጵሎስ የሚባል አንደበተ ርቱዕ ሰው ነበር፣ መጻሕፍትን የሚያውቅ፣ ግን የሚያውቀው የዮሐንስን ጥምቀት ብቻ ነው። ጵርስቅላና አቂላ በምኩራብ ሲናገር ሰሙት፣ እዚያው ተነስተው አላቋረጡትም፣ ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ አጥብቀው ገለጡለት፣ ሐዋርያት ሥራ 18፥26። እሱም ከዚያ በኋላ ለብዙዎች ጠቀመ። አንተም ከጥናቱ በኋላ ሻይ ጋብዘውና ክፍሉን አብራችሁ እንደገና አንብቡት፣ ደግሞ የተሳሳትከው አንተ ልትሆን ትችላለህ፣ ካልተስማማችሁ ሁለታችሁም መምህራችሁ ጋ ሂዱ።