ፎርት ጂሰስ ላይ አትቸኩሉ

ውድ የጉዞ ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ብዙዎቻችሁ ወደ ኬንያዋ የባሕር ዳር ከተማ ወደ ሞምባሳ ለመሄድ ሻንጣ እያሰናዳችሁ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ስለ ባሕሩ አላወራም፤ እሱን ሳትጠየቁም ታዩታላችሁ። እኔ የማወራው ስለ ድንጋዩ ነው። አንድ ነገር ብቻ አደራ ልበላችሁ። የቆየ ሕንፃ ፊት ስትቆሙ «ማን ሠራው?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። «ማን ታሰረበት? ማን ቀማው? ማን ሞተበት?» በሉ። አስጎብኚያችሁ ነገሩን ካለባበሰው ደግማችሁ ጠይቁት፤ ቅር አይለውም።

በፎርት ጂሰስ እንጀምር። ፖርቱጋሎች ከ1593 እስከ 1596 የሠሩት ምሽግ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው። ንድፉ የጆቫኒ ባቲስታ ካይራቲ የተባለ ጣሊያናዊ ነው። ከላይ ሲታይ በጀርባው የተንጋለለ ሰው ይመስላል ይባላል። ግድግዳው የኮራል ድንጋይ ነው። ፖርቱጋሎች ያን ሁሉ ድንጋይ የከመሩት ወደ ሕንድ የሚወስደውን የባሕር መንገድ ለመጠበቅ ነበር። የዚያ መንገድ ከፋች ቫስኮ ዳ ጋማ ሞምባሳ የደረሰው በ1498 ነው። ልጁን ክሪስቶቫኦን ታውቁታላችሁ። በ1541 በምጽዋ ገብቶ ከኢማም አሕመድ ጦር ጋር የተዋጋው፣ በዓመቱም እኛው አገር የሞተው እሱ ነው።

ምሽጉ ከእጅ እጅ ሲገላበጥ ኖሯል። ከሁሉም እኔን የሚገርመኝ የዩሱፍ ቢን ሐሰን ታሪክ ነው። ፖርቱጋሎች በልጅነቱ ሕንድ ውስጥ ወደነበረችው ቅኝ ግዛታቸው ወደ ጎዋ ወስደው አሳደጉት፤ አጠመቁት፤ ስሙንም ጄሮኒሞ አሉት። ከዚያ «የኛ ሰው» ብለው ሞምባሳ ላይ ሱልጣን አደረጉት። እሱ ግን በ1631 የምሽጉን አዛዥ ገድሎ ምሽጉን ያዘ፤ ወደ እስልምናውም ተመለሰ። በዓመቱ ትቶት ሲሄድ ፖርቱጋሎች መልሰው ገቡ። ያሳደጉት ልጅ እንዲህ ሲያደርጋቸው ምን እንደተሰማቸው እናንተው ገምቱት።

ቀጥሎ የመጡት ኦማኖች ናቸው። ከ1696 መጋቢት እስከ 1698 ታኅሣሥ ድረስ ከበቡት። ሦስት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ውስጥ የነበረውን ሰው ከጥይቱ ይልቅ በሽታው ፈጀው። ለእርዳታ የመጣችው ሳንቶ አንቶኒዮ ዴ ታና የምትባል መርከብም በ1697 እዚያው ምሽጉ ፊት ሰመጠች። ከ1977 እስከ 1980 ጠላቂዎች ቆፍረው ያወጡት ዕቃዋ አሁን ሙዚየሙ ውስጥ አለ።

መድፎቹን ማንም ያሳያችኋል። እናንተ ግን የግድግዳ ሥዕሎቹን ፈልጉ። ፖርቱጋላውያን በቀይና በጥቁር የሞነጫጨሯቸው ናቸው፤ መርከብ አለ፣ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ዓሣ አለ። ሠዓሊ የሳላቸው አይደሉም። አገሩ የናፈቀው ሰው ስሜት ግን ቁልጭ ብሎ ይታይባቸዋል። እኔ ከመድፉ ሁሉ እነሱን እመርጣለሁ።

እንግሊዞች ደግሞ ከ1895 ጀምሮ ምሽጉን እስር ቤት አደረጉት። እስከ 1958 እስር ቤት ነበር። እዚያ ታስሮ የወጣ ሰው ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ዛሬም ከተማው ውስጥ ሊኖር ይችላል። በ1962 ሙዚየም ሆነ፤ በ2011 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው።

ከምሽጉ ስትወጡ አሮጌው ከተማ እዚያው ነው። ጠባብ መንገድ፣ በረንዳ፣ የተቀረጸ የእንጨት በር። የማንድሪ መስጊድን እዩ፤ በ1570 የተሠራ ነው ይባላል፣ ምሽጉን ይቀድማል ማለት ነው። ሞሮኳዊው ተጓዥ ኢብን ባቱታም ሞምባሳ የደረሰው በ1331 ነው። ከተማዋን የፈጠርናት እኛ ነን የሚል ፈረንጅ ካጋጠማችሁ ይህን ንገሩት። ሰፈሩ የሙስሊም ሰፈር ነውና አለባበሳችሁን አስተካክሉ፤ ሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ።

ሞይ ጎዳና ላይ ያሉት ግዙፍ የዝሆን ጥርሶችስ? አልሙኒየም ናቸው። በ1950ዎቹ ለእንግሊዝ ንጉሣውያን ጉብኝት ሲባል የተተከሉ ናቸው። ለሴልፊ አምስት ደቂቃ ይበቃቸዋል።

የተረፈውን ሰዓት ለፍሬር ታውን ስጡት። በኒያሊ ድልድይ ተሻግራችሁ ነው የምትደርሱት። ከባርነት ነፃ የወጡ ሰዎች እንዲሰፍሩበት እንግሊዛውያን ሚሲዮኖች በ1875 ያቋቋሙት መንደር ነው። ከመንገዱ ዳር የደወል ማማ ቆሟል። ደወሉ ባሪያ ፈንጋዮች ሲመጡ ሰዉን ለማስጠንቀቅ ይደወል ነበር። ነፃ ወጥታችሁ ስታበቁ እንኳ ሌሊት ጆሯችሁን ቀስራችሁ መተኛት ምን እንደሚመስል አስቡት። ብዙ ቱሪስት እዚያ አይደርስም፤ ማታቱ የሚሏቸው የኬንያ ሚኒባስ ታክሲዎች ግን ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ያልፋሉ።

ምሽጉ ውስጥ ፀሐዩ ምሕረት የለውም፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሲከፈት ግቡ። ሁለት ሰዓት ስላችሁ በኛው ሁለት ሰዓት ነው። በስዋሂሊም ሰዓት የሚቆጠረው እንደኛ ስለሆነ በዚህ እንኳ አትቸገሩም።

አመሰግናለሁ። አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ።