ድስቱ ሳይታጠብ ደውሉልን፦ በድሬዳዋ ለሆቴልና ለዳቦ ቤት ባለቤቶች እንዲሁም ለአትክልት ነጋዴዎች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የሆቴልና የዳቦ ቤት ባለቤቶች፣ የቀፊራ ገበያ የአትክልት ነጋዴዎች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ እናቶችና አባቶች፤

ሥራችሁን አቋርጣችሁ ስለተገኛችሁ በምግብ ባንኩ ስም አመሰግናለሁ። ስለ ምግብ ለመነጋገር በምሳ ሰዓት መጥራታችን የእኛው ጥፋት ነውና ይቅርታ አድርጉልን።

የምግብ ባንክ ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1967 በአሜሪካ፣ በአሪዞና ግዛት ፊኒክስ ከተማ ነው። ጀማሪው ጆን ቫን ሄንግል ሐሳቡን ያገኘው፣ ከመደብር ጀርባ የተጣለ ምግብ እየለቀመች ልጆቿን ከምታበላ እናት ነው ይባላል፤ የተረፈው ሰው የሚያስቀምጥበት፣ የቸገረው የሚያወጣበት እንደ ባንክ ያለ ቦታ ቢኖር አለችው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል፤ ከዚህም 60 በመቶው የባከነው በየሰዉ ቤት ነው። ስለዚህ ጣቴን ሆቴሎች ላይ ብቻ አልቀስርም።

ቡሌ የሚባለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ከገበታ የተነሳው ሩዝ፣ ፓስታና እንጀራ ተደባልቆ በፌስታል ይሸጣል። ገዝቶ የሚበላውን ወገኔን አልነቅፍም፤ ነገር ግን እኛ የምንሰበስበው ቡሌ አይደለም። የምንቀበለው ከድስት ያልተጨለፈውን ወጥ፣ ሳይሸጥ የዋለውን ዳቦ፣ የሰው እጅ ያልነካውን እንጀራ ብቻ ነው። ራሳችን የማንበላውን ለማንም አንሰጥም።

ትልቁ ጠላታችን ሙቀቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ፣ ትኩስ የሚቀርበው ከ60 ዲግሪ በላይ፣ የሚቀዘቅዘው ከ5 ዲግሪ በታች እንዲቀመጥ ይመክራል፤ በሰኔ የድሬ ሙቀት ደግሞ 2 ሰዓቱም ይበዛል። ሥራውን በጀመርን ሰሞን ከአንድ ሰርግ ቤት የተረፈ አልጫ ተቀብለን፣ ገና እየተነነ በጥልቅ ባልዲ ሞልተን ክዳኑን ጥርቅም አድርገን ዘጋነው። ማታ ስንከፍተው ዳሩ ቀዝቅዞ መሐሉ ለብ እንዳለ ነበር፤ ላዩ አረፋ አውጥቷል፣ ሽታው ኮምጥጧል። ሃምሳ ሰው ይበላዋል ብለን ያመጣነውን በእጃችን ደፋነው። ከዚያ ወዲህ ወጥ የምንረከበው በዝርግ ትሪ ሳሳ ተደርጎ፣ ከእሳት የወረደበት ሰዓት ተጽፎበት ነው። ሰዓት ያልተጻፈበትን ብንመልስባችሁ እንዳትቀየሙን።

የቀፊራ ነገር ቀላል ነው። ጎኗ የተመታ ፓፓያ ገዢ ብታጣም ለመብላት ምንም አልሆነችም፤ ከሐረማያ በኩል የሚወርደው ድንችና ሽንኩርትም ከማዳበሪያው ሥር ጥቂቱ ብቻ ሲበላሽ አብሮ ይጣላል። ቲማቲሙን እኛው እንለቅማለን፤ እናንተ ጥላ ሥር አቆዩልን።

እዚህ ከተማ ከሌላው የባሰ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ሥጋ ነው። የሙስሊሙና የክርስቲያኑ እርድ በአንድ ጭልፋ እንኳ መነካካት የለበትም፤ አንዴ ከተደባለቀ ለማንም አይሆንም። ለዚህም ሳጥኖቻችንን በቀለም ለይተናል፣ ምልክት የሌለው ሥጋ ባጃጃችን ላይ አይጫንም። ረቡዕና ዓርብ የሚተርፈውን የፍስክ ምግብ ወደማይጾሙት፣ በረመዳን ቀን የሚተርፈውን ደግሞ ለማፍጠሪያ እስኪደርስ ማቀዝቀዣ ወዳለበት ቤት እንወስዳለን።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ባለቤቶች በስብሰባ ላይ እሺ ትሉናላችሁ፤ ስንመጣ ግን ወጥ ቤት ያለችው እህታችን ምንም አልሰማችም። ድስቱን አንስታ ብትሰጠን ሰረቀች እንዳትባል ስለምትፈራ፣ ብትጥለው ይሻላታል። አልፈርድባትም፤ የደመወዟ ነገር ነው። ስለዚህ ፈቃዳችሁን በጽሑፍ አድርጋችሁ ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፉላት፣ የስልክ ቁጥራችንንም ከሥሩ ጻፉ። የወሰድነውን ዓይነትና ሰዓት መዝግበን፣ ፈርመን ደረሰኝ እንሰጣታለን።

ባጃጁ በየቀኑ 8 ሰዓት ላይ ከከዚራ ተነስቶ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ መጋላ ይወርዳል። ከ8 ሰዓት በፊት የደወለ ቤት በዚያው ዙር ይደረስለታል፤ ከዚያ በኋላ የደወለውን ማታ እንመጣለን ብለን አናታልለውም። ጥያቄ ያላችሁ፣ በተለይ የሥጋውን ሳጥን ማየት የምትፈልጉ፣ ከበሩ አጠገብ ደርድረናቸዋል።

አመሰግናለሁ።