የሚረጋው ዘይት እና ኦራንጉታኗ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፤ ከሐዋሳ ነው የማናግራችሁ። ዛሬ የማወራው ስለ ዘይት ነው። ዋጋውን አላነሳም፤ እሱን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ለሥራ ሲንጋፖር በሄድኩበት ጊዜ እግረ መንገዴን እ.ኤ.አ. በ1973 የተከፈተውን የአራዊት ማቆያ ጎብኝቼ ነበር። እውነቱን ለመናገር አራዊትን ታጥረው ማየት አልወድም፤ ልጅ ሆኜ ያየሁት፣ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሲመላለስ የሚውል አንበሳ እስካሁን ይከብደኛል። እዚህ ግን ኦራንጉታኖቹ፣ ማለትም ቀላ ያለ ጸጉር ያላቸው ትልልቅ ጦጣ መሰል እንስሳት፣ ከጎብኚው ራስ በላይ በዛፍና በገመድ ይዘዋወራሉ። አንዲት እናት ግልገሏን ጎኗ ላይ ለጥፋ ክንዷን ትዘረጋለች፤ ቅርንጫፉን ጨበጥ አድርጋ ነቅነቅ፣ ደግማ ነቅነቅ ታደርገዋለች። ክብደቷን የምትጥልበት ከዚያ በኋላ ነው። የእኛ የአሞራ ገደል ጉሬዛዎች ይህ ትዕግሥት የላቸውም፤ መጀመሪያ ይዘላሉ፣ ከዚያ ያስባሉ።

ለመውለድም እንዲሁ አትቸኩልም። በሁለት ግልገሎች መካከል ሰባትና ስምንት ዓመት ሊያልፍ ይችላል፤ ልጇን ምግብ መለየትና ጎጆ መሥራት የምታስተምረው በዚህ ጊዜ ነው። አዳኞች ደግሞ ግልገሉን ለመውሰድ እናቲቱን ይገድላሉ። የጠፋው ቁጥር ቶሎ የማይተካው ለዚህ ነው። በደቡብ ምሥራቅ እስያ፣ በቦርኒዮና በሱማትራ ደሴቶች የሚኖሩት ሦስቱም የኦራንጉታን ዝርያዎች ለመጥፋት እጅግ የተቃረቡ ተብለው ተመዝግበዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ የታወቀው የታፓኑሊ ኦራንጉታን ከ800 በታች ነው የቀረው።

ለዚህ ሁሉ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ደኑ ተመንጥሮ በቦታው የፓልም ዛፍ መተከሉ ነው። ፓልም! ጠዋት ብርድ ሲሆን ጀሪካኑ ውስጥ የሚነጣው፣ ፀሐይ ላይ አውጥተን የምናቀልጠው የሚረጋ ዘይት። ከዓለም የፓልም ዘይት ከ80 በመቶ በላይ የሚመረተው በኢንዶኔዥያና በማሌዥያ ነው፤ የእኛም ከዚያው ይመጣል። ዛፉ ግን የእስያ አይደለም፤ የምዕራብ አፍሪካ ተወላጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1848 አራት ችግኞች ጃቫ ደሴት፣ ቦጎር በሚገኝ የዕፅዋት ማዕከል ተተከሉ፤ የአካባቢው እርሻ የተስፋፋው ከእነዚያ ዘር ነው።

ይህንን ለአክስቴ ስነግራት ሽንኩርት እያቁላላች ነበር። «እና አንተ ልጅ፣ የጾሙን ወጥ በውኃ ልሥራው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። የኑግ ዘይት ግዢ እንዳልላት ዋጋው አያስደፍርም። ደግሞም ፓልምን ማውገዝ የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም፤ ከአንድ ሄክታር የሚገኘው ዘይት ከአኩሪ አተር ከሚገኘው ብዙ እጥፍ ነው። ዓለም በሙሉ ፊቱን ወደ ሌላ ዘይት ቢያዞር የሚታረሰው መሬት ይሰፋል እንጂ አይጠብም።

ስለዚህ አክስቴን ተውኳት። በመርከብ የሚያስጭነው አስመጪ ግን ዘይቱ የተጨመቀው ከቆየ እርሻ ነው ወይስ ትናንት ከተመነጠረ ደን ብሎ ሻጩን መጠየቅ ይችላል። በእኛ ገበያ ይህን ጥያቄ ሲያነሳ የሰማሁት ነጋዴ የለም።