ከስፌቱ በኋላ ያለችው ሌሊት

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦች፣ በዚህ ሙያ ለመዝለቅ የወሰናችሁ ወጣት ሐኪሞችና የሌሊት ተረኛ ነርሶች፣

ጡቷ በካንሰር ምክንያት ለተወገደ ሴት ጡት መልሶ ስለመሥራት ስንማር ብዙውን ጊዜ የምናወራው ስለ ስፌቱ ነው። የዛሬው ንግግሬ ከስፌቱ በኋላ ስላለችው ሌሊት ነው።

ሲሊኮን ማስገባት ቀዶ ሕክምናውን ያሳጥረዋል። ደረቷ ጨረር ካገኘው ግን በሲሊኮኑ ዙሪያ የሚበቅለው ሽፋን የመጠንከርና የመኮማተር ዕድሉ ከፍ ስለሚል፣ ብዙ ጊዜ የራሷን የሆድ ቆዳና ስብ እንመርጣለን። የሆዱን ጡንቻ እዚያው ትተን፣ በውስጡ የሚያልፉትን ደም ሥሮች ፈልቅቀን እናወጣለን። ከዚያም በሦስተኛው የጎድን አጥንት አካባቢ ካሉት የደረት ደም ሥሮች ጋር በማይክሮስኮፕ እናገናኛቸዋለን። ስፋታቸው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ክሩ ከፀጉር ይቀጥናል።

በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት አዲሱ ጡት በየሰዓቱ ይታያል። ቆዳውን በጣት ተጭናችሁ ልቀቁት፤ ከ2 እስከ 3 ሰከንድ ባለው ጊዜ ቀለሙ ይመለሳል። ገርጥቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ቀለሙም ከዘገየ የተዘጋው ደም ቅዳው ነው። ቶሎ ከተመለሰ፣ ካበጠና ከጠቆረ ደግሞ ደም መልሱን ጠርጥሩ። ብዙ ጊዜ የሚዘጋው እርሱ ነው፤ ግድግዳው ስስ፣ ግፊቱም ዝቅተኛ ስለሆነ በትንሽ ጫና ይታጠፋል። መጀመሪያ ላይ ቆዳው ሞቅ ስለሚልና ደም የሞላበት ስለሚመስል ጤነኛ ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ብዙ ጡት የሚጠፋው በዚህ ስህተት ነው።

ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ላይ ጥቁረቱ ዘግይቶ ስለሚታይ በቀለም ብቻ አትፍረዱ። ሐኪሙ በቀዶ ሕክምናው መጨረሻ በክር ምልክት ባደረገበት ቦታ ላይ ዶፕለሩን፣ ማለትም የደም ፍሰትን በድምፅ የሚያሰማውን መሣሪያ፣ አሳርፋችሁ ድምፁን ስሙ። የደም መልሱ ድምፅ ሊጠፋ የደም ቅዳው ግን ሊቀጥል ይችላልና ሁለቱንም ለዩ።

ለውጥ ካያችሁ የታሰረውን ፋሻ አላሉ፣ ጡቱ ላይ ተኝታ እንደሆነ አስተካክሏት፣ የደም ግፊቷን ለኩ፣ ከቁስሉ በቱቦው የሚወርደው ደም በድንገት ጨምሮ ወይም ቆሞ እንደሆነ እዩ። ይህን እያደረጋችሁ ሐኪሙን ጥሩ። ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓትም ቢሆን ጥሩ! የረጋው ደም በጊዜ ከተወገደ ጡቱ ሊተርፍ ይችላል፤ ከጥቂት ሰዓታት መዘግየት በኋላ ግን ስፌቱ ቢታደስም ደሙ በጥቃቅኖቹ ሥሮች ውስጥ አልሄድ ይላል።

ተረኛ ሲቀያየር በወረቀት ብቻ አትረካከቡ። ወጪዋና ገቢዋ ነርስ በአንድ መብራት ሥር አብረው ይጫኑ፣ አብረው ይቁጠሩ፣ በቁጥሩ ተስማምተው ይፈርሙ።